ጾምን በደብዳቤ ያወጀው ስደተኛ፦ ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኛ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ መስከረም 1 ቀን በባሕረ ሐሳብ ሲታወጅ እንሰማለን። አሶሳም አክሱምም ያለው ሰው በአንድ ቀን ይጀምራል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ግን አዋጁ በደብዳቤ ነበር የሚደርሰው። ጸሐፊው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ደግሞ ይህን ሥራ በስደት ሆኖም ሊተወው አልወደደም።

አርዮስ ወልድን ፍጡር በማለቱ በ325 (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የኒቅያ ጉባኤ ሲደረግ፣ አትናቴዎስ እለእስክንድሮስን ተከትሎ የሄደ ዲያቆን ነበር። በ328 መንበሩን ተረከበ። በ45 ዓመት ሹመቱ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ሲደመር 17 ዓመት ያህል ነው።

መጀመሪያ በ335 ዛሬ ጀርመን ወዳለችው ትሪየር ተላከ። ለ338 ፋሲካ በጻፈው መልእክት፣ መከራ ቢያራርቃቸውም በዓሉን በመንፈስ አብረው እንደሚያከብሩ ለልጆቹ ነገራቸው። የ345 እና የ346 ደብዳቤዎቹ ግን በጣም አጭር ናቸው። የተጻፉት ለእስክንድርያ ቀሳውስትና ዲያቆናት ሲሆን፣ የፋሲካውን ቀን በሩቅ ላሉት እንዲያደርሱ ያዛል። እኔም ዲያቆን ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ይቺ ነገር ደስ ትለኛለች።

በየካቲት 356 ሌሊት በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ ወታደሮች ከበቡ። አትናቴዎስ እንደጻፈው ከአምስት ሺህ በላይ ነበሩ። እሱ ከመንበሩ አልተነሣም። ዲያቆኑ መዝሙር 135ን እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እንዲመልስና ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ቀስት ሲወረወር፣ ሰው የሞተበት ሌሊት ነው እኮ፣ እሱ ግን ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ። በመጨረሻ መነኮሳትና ካህናት ጎትተው አወጡት።

ከዚያ ስድስት ዓመት በበረሃ መነኮሳት ሸሸጉት። የእንጦንስን ገድል የጻፈው በዚያ ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸውን አርዮሳውያን ለነጠቋቸው ምእመናንም፣ ሕንፃው ቢወሰድ ሃይማኖቱ ከእነሱ ጋር እንዳለ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ራሳቸው እንዲመዝኑ ጽፎላቸዋል።

እስቲ አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን ይኸው አትናቴዎስ ነው። ስለዚህ ስደቱ አክሱም ድረስ ተከተለን። ንጉሡ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ አባ ሰላማ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው ለእኛ የቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ለመከላከያው ገልብጦ ስላስቀመጠው ነው። ቆስጠንጢዮስ በ361 ሞተ። ቤተ ክርስቲያናችንም ሐምሌ 26 የአባ ሰላማን ዕረፍት ታከብራለች።

አትናቴዎስ ከአምስተኛው ስደት በ366 ተመለሰ። በዓመቱ በላከው የፋሲካ ደብዳቤ 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቆጠረ። በ373 በመንበሩ ላይ ሳለ ዐረፈ። በዓሉ ግንቦት 7 ነው፤ በስሙ የሚጠራውንም ቅዳሴ በየቤተ ክርስቲያናችን እንሰማለን።

በረከቱ አይለየን፣ አሜን።