ስኳየር ዊፕል (1804–1888)፦ የብረት ድልድይ ስሌት ጀማሪና ለጥንታዊ ድልድዮች ጥገና የተወው ትምህርት

ጥንታዊ የብረት ድልድይ ለመጠገን የሚነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ዘንግ ምን ዓይነት ኃይል እንዲሸከም ተደርጎ ተቀመጠ የሚለው ነው። ይህን በስሌት መመለስ የሚቻልበትን ዘዴ በመጽሐፍ አሳትመው ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ስኳየር ዊፕል ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱንና ሥራውን በመቃኘት፣ በእሱ ንድፍ ተሠርተው እስከ ዛሬ የቆሙትን ድልድዮች ለመጠበቅ የሚረዳውን ፍሬ ነገር ያመለክታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊፕል በ1804 በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው ሃርድዊክ ተወለደ። በ1817 ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ተዛወረ፤ እሱም በ1830 ከዩኒየን ኮሌጅ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ሐዲድ ቅየሳ፣ ቀጥሎም በኢሪ ቦይ የማስፋፋት ሥራ ተሠማራ። ሥራ በሚጠፋበት ጊዜ የቅየሳ መሣሪያዎችን እየሠራ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። በቦዩ የሚመላለሱ ጀልባዎች የሚመዘኑበትን ትልቅ ሚዛንም ሠርቷል።

ቦዩን ያቋርጡ የነበሩት የእንጨት ድልድዮች በእርጥበት ቶሎ ይበሰብሱ ነበር። ዊፕል ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ በ1841 የፈጠራ መብት ያገኘበት የደጋን ቅርጽ ያለው የብረት ትረስ ነው። የንድፉ ብልሃት ሁለቱን የብረት ዓይነቶች እንደየጠባያቸው ማሠማራቱ ላይ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ጭመቃን በሚገባ ይቋቋማል፤ ሲወጠር ግን በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ላይኛውን ደጋን ከፈሰሰ ብረት ክፍልፋዮች ገጣጠመው። ውጥረት የሚያርፍባቸውን የታችኛውን አግዳሚና ሰያፍ ዘንጎች ደግሞ ተቀጥቅጦ ከተሠራ ብረት አዘጋጀ። የኒው ዮርክ የቦይ አስተዳደርም ንድፉን ለቦይ መሻገሪያዎች በስፋት ተጠቀመበት።

በ1847 በዩቲካ ከተማ ያሳተመው የድልድይ ሥራ መጽሐፍ ከድልድዮቹ ይበልጥ ዘላቂ ሆኗል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሠሪዎች በልምድና በግምት ይመሩ ነበር። ዊፕል ግን በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ኃይሎች ሚዛናቸውን እንዲጠብቁ በማድረግ፣ የዘንጎቹን ጭነት አንድ በአንድ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ተንቀሳቃሽ ጭነት በድልድዩ ላይ ሲዛወር በዘንጎቹ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥም መረመረ። በ1853 ገደማ በትሮይ አቅራቢያ የሠራው 146 ጫማ (44.5 ሜትር) ርዝመት ያለው የባቡር ድልድይ ለ30 ዓመታት ያህል አገልግሏል።

ከፈጠራው ያገኘው ጥቅም ግን አነስተኛ ነበር፤ ብዙ ሠሪዎች ክፍያ ሳይፈጽሙ ንድፉን ተጠቅመውበታል። ሙያዊ ክብሩ ግን ቀስ በቀስ ታወቀ፤ የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርም የክብር አባል አደረገው። በ1870ዎቹ በቦዩ ላይ ወደ ላይ የሚነሣ ድልድይ ሠራ። በ1888 በኦልባኒ ከተማ ዐረፈ።

የዊፕል ጥንቃቄ ምን ያህል ተገቢ እንደ ነበር በሕይወት ሳለ የደረሰ አንድ አደጋ ያስረዳል። በ1876 በኦሃዮ ግዛት በአሽታቡላ፣ ለእንጨት የታሰበ ንድፍ ወደ ብረት ተለውጦ የተሠራ የሌላ ሰው ድልድይ ባቡር እንደ ጫነ ተደርምሶ 90 ያህል ሰዎች አለቁ። ለአደጋው ምክንያት ከተባሉት መካከል ከፈሰሰ ብረት በተሠራ መጋጠሚያ ውስጥ የነበረ ጉድለት ይገኝበታል።

ዛሬ በዊፕል ንድፍ ከተሠሩት ድልድዮች የቀሩት ጥቂት ናቸው። በኦልባኒ የሚገኘው የ1867 ድልድይ 110 ጫማ (33.5 ሜትር) ያህል ይረዝማል፤ አሁን ባለበት ቦታ የቆመውም ከሌላ ስፍራ ተነሥቶ ነው። በቪሸር ፌሪ የሚገኘውን ሌላውን ደግሞ የዩኒየን ኮሌጅ ተማሪዎች በ1990ዎቹ በአሮጌው ቦይ ላይ መልሰው አቁመውታል። ይህ የሆነው ክፍሎቹ የሚፈቱና የሚገጠሙ በመሆናቸው ነው፤ የታችኛው አግዳሚ በፈሰሰ ብረት መጋጠሚያዎች ላይ የሚጠለቁ የተቀጠቀጠ ብረት ቀለበቶች ሰንሰለት ነው።

ከዚህም ለጥገና ባለሙያ ሦስት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የተሰነጠቀ የፈሰሰ ብረት በተራ ብየዳ መጠገን የለበትም፤ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስንጥቁን ሊያባብሰው ይችላልና። ሁለተኛ፣ የተቀጠቀጡት ቀለበቶች በእሳት የተጋጠሙበት ቦታ ደካማ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ በፊት ይመርመር። ሦስተኛ፣ ድልድዩ ለእግረኛ ብቻ ሲሆንና ወለሉ ሲቀል፣ ብዙዎቹን የመጀመሪያ ዘንጎች ሳይቀይሩ ማቆየት ይቻላል።

ዘንግን ከመተካት በፊት ተግባሩን ማስላት ያስፈልጋል። ስሌቱን ሳይረዳ ብረቱን የሚያጠነክር ጠጋኝ ኃይሉ ወዳልታሰበበት ዘንግ እንዲዞር ሊያደርግ ይችላል፤ የድልድዩ መልክ ቢቀርም ቅርስ የሆነው አሠራሩ ይጠፋል። ስለዚህ የዊፕልን ስሌት ማጥናት የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥገናው ሥራ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው።