በልዑልና በዐላዊ መካከል፤ የደብረ ታቦሩ ራስ ዓሊ ሕይወት

ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው በዓለ ደብረ ታቦር፣ ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት፣ ሙሴና ኤልያስ ቆመው ሲመሰክሩለት፣ ብርሃነ መለኮቱን በታቦር ተራራ ላይ የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው። በየመንደሩ ችቦ ሲበራ፣ ጅራፍ ሲጮህና ሙልሙል ለልጆች ሲታደል የምናስበው ይህንኑ የተራራ ብርሃን ነው። በሀገራችንም በዚሁ ቅዱስ ተራራ ስም የተጠራች ከተማ አለች። ደብረ ታቦር በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ጥንታዊት ከተማ ናት።

በዚህች ከተማ ተቀምጠው ከ20 ዓመታት በላይ የሀገሪቱን ታላቅ ክፍል የገዙት ዳግማዊ ራስ ዓሊ አሉላ ናቸው። የከተማይቱ ስም የወንጌል ነው፤ የገዥዋ ስም ግን ዐረብኛ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የእኒህን መስፍን ሕይወት የምንመለከተው ስማቸውን በመከተል ነው። ስሙ በሕይወታቸው ዘመን ክስ ሆኖባቸው ነበርና፣ ስለ ሃይማኖታቸው የሚነሣው ጥያቄም ከሞቱ በኋላ ሳይቋረጥ ቆይቷልና።

አስቀድመን ትርጓሜውን እንይ። ዓሊ ማለት በዐረብኛ ከፍ ያለ፣ የላቀ፣ ክቡር ማለት ነው። ስሙ በእስልምናው ዓለም የተስፋፋው የነቢዩ መሐመድ የአጎት ልጅና አማች፣ አራተኛው ኸሊፋ ዓሊ ይጠሩበት ስለ ነበረ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ገንዘብ አይደለም። ዐረብኛ ተናጋሪ የሆኑት የግብጽና የሶርያ ክርስቲያኖች እግዚአብሔርን ልዑል ብለው ሲጠሩ የሚጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠረበት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ፣ የእኛ መጽሐፍ ልዑል በሚልበት ስፍራ የእነርሱ መጽሐፍ ይህን የዐረብኛ ቃል ያነብባል። የቋንቋ ሊቃውንትም ልዑል፣ ልዕልና፣ ላዕላይ የሚሉትን የግእዝ ቃላት ከዚሁ ከዐረብኛው ሥር ጋር ያዛምዷቸዋል። ዐይኑ ዐ እና ለ በሁለቱም ቋንቋ ይገኛሉና፤ የፊደላቱ ተራ ብቻ ተለዋውጧል።

የስሙ ድምፅም ልብ ሊባል ይገባዋል። በዐረብኛ የመጀመሪያው ፊደል ከጉሮሮ ውስጥ ተጨንቆ ይወጣል። ይህ ድምፅ ጥንት በግእዝም ነበረ፤ አባቶቻችን ከአልፋው አ ለይተው ዐይኑን ዐ የቀረጹት በከንቱ አልነበረም። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ ለይተው ያሰሙታል። በአማርኛ ግን ሁለቱ በአንደበት አንድ ስለ ሆኑ ዓሊ የሚለው ስም ለስላሳ ሆኖ ይሰማል፤ በጽሑፍም አንዳንዱ በአልፋው፣ አንዳንዱ በዐይኑ ይጽፈዋል።

ከዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በዐረብኛ ከፍታን የሚያመለክቱት እነዚያው የሥር ፊደላት በግእዝ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ዐለወ ማለት ካደ፣ ዐመፀ፣ ሕግ ጣሰ ማለት ነው። በገድላትና በስንክሳር የምናገኛቸው ሰማዕታትን ያሳደዱ ዐላውያን ነገሥታት ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ዓሊ የሚለው ስም በአንድ ወገን ለልዑል፣ በሌላው ወገን ለዐላዊ የቀረበ ነው። የራስ ዓሊም ሕይወት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለፈ ሕይወት ነበር።

ስሙ ወደ ቤተሰቡ የገባው ከየጁ ነው። የየጁ መሳፍንት በትውልዳቸው ከሙስሊም ወገን ሲሆኑ ክርስትናን ተቀብለው ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት የቀረቡ ናቸው። ትልቁ ራስ ዓሊ፣ የጓንጉል ልጅ፣ በ1776 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ከዙፋን ባወረዱ ጊዜ የቤቱ ኃይል ጸና፤ ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ በጎንደር በስም ሲቀመጡ ሥልጣኑ በየጁ መሳፍንት እጅ ሆነ። ቤተሰቡ በጥምቀት ክርስቲያን ቢሆንም የአያቶቹን የስም ልማድ አልተወም። ይማም የሚለው የመስፍኑ ስም እንኳ ኢማም ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት ራስ ጉግሣ መርሶ በ1817 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ በተከታታይ ሥልጣኑን ያዙ። ሦስቱም በ6 ዓመታት ውስጥ አለፉ። በ1823 ዓ.ም. ተራው የአሉላ ልጅ፣ የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ለሆኑት ለዳግማዊ ራስ ዓሊ ደረሰ።

ራስ ዓሊ በዚያን ጊዜ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጅ ነበሩ። በስማቸው ይገዙ የነበሩት ዘመዶቻቸውና ከሁሉም በላይ እናታቸው ወይዘሮ መነን ናቸው። ወይዘሮ መነን የወሎው ኢማም ሊበን ልጅ ሲሆኑ ክርስትናን የተቀበሉት አሉላን ባገቡ ጊዜ ነው፤ ኋላም ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ። ስለዚህ ወጣቱ መስፍን በአባታቸውም በእናታቸውም ወገን ሙስሊም ዘመዶች ነበሯቸው። የወሎና የየጁን ቤተሰብ ለሚያውቅ ሁሉ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአንድ አያት ሥር መስጊድ የሚሄድና ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ልጅ አብሮ የሚያድግበት ሀገር ነውና።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ካህኑ በጸሎት የሚያነሣቸው፣ በሞቱም ጊዜ ፍትሐት የሚደረግላቸው በዚህ ስም ነው። እናትና አባት የሚያወጡት ስም ግን የዓለም መጠሪያ ነው፤ ወላጆች አያትን ለማሰብ፣ ዘመድን ለማክበር ወይም የዘመኑን ሁኔታ ለመግለጽ ያወጡታል። ዓሊ የሚለውም ስም እንዲሁ የቤትና የዘር መታሰቢያ ነበር፤ ትልቁን ራስ ዓሊን ያስታውሳል እንጂ የእምነት መግለጫ አልነበረም። ነገር ግን በዘመነ መሳፍንት እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያስተውል ጥቂት ነበር።

ፈተናው የመጣው በ1834 ዓ.ም. ነው። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከግብጽ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አድርገው ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። የዘመቻው ምክንያት የሥልጣን ፉክክር እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ በአደባባይ የተነገረው ግን የራስ ዓሊ ክርስትና የሚያጠራጥር ስለ መሆኑ ነበር። የሙስሊም ዘመዶቻቸው ብዛት፣ በአደባባያቸው ያላቸው ቦታና ስማቸው ለዚህ ክስ ተመቸ። ከፍ ያለ ማለት የሆነው ስም በጠላት አፍ ዐላዊ ወደ ማለት ተለወጠ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የጳጳሱ ሀገር ምእመናን በዐረብኛ ጸሎታቸው እግዚአብሔርን በዚሁ ቃል የሚጠሩት መሆናቸው ነው።

ጦርነቱ በደብረ ታቦር አጠገብ ሆነ። የውቤ ነፍጠኞች በረቱ፤ ራስ ዓሊም ከሜዳው ሸሹ። ይሁን እንጂ ውቤ በድላቸው ሰክረው ግብዣ በተቀመጡበት ሰዓት ከራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። የተሸነፈው አሸናፊ፣ ያሸነፈው ምርኮኛ ሆነ። ራስ ዓሊ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ጠባያቸውን ያሳያል። በዐላዊነት የከሰሷቸውን ውቤን አልገደሉም፤ ፈትተው ወደ ግዛታቸው መለሷቸው። ይህን አንዳንዶች ድክመት፣ አንዳንዶች ምሕረት ይሉታል። እኛ ግን በዘመነ መሳፍንት ምርኮኛን መግደልና ማሰር የተለመደ እንደ ነበረ እያሰብን፣ ሥራው ከክርስቲያን የሚጠበቅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሌላው ምስክር በከተማይቱ ላይ ቆሟል። ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር አራት አብያተ ክርስቲያናትን አሳንጸዋል። በደቡብ ምሥራቅ በተራራው ላይ ኢየሱስ፣ በምሥራቅ እናቲቱ ማርያምና ልጂቱ ማርያም፣ በሰሜን ጥጉር ሚካኤል ናቸው። የከተማይቱን ስም ያስገኘው የታቦር ምሥጢር የጌታ መገለጥ ነውና፣ በተራራው ራስ ላይ የኢየሱስን ስም ማኖራቸው ለበዓላችን የተገባ ሥራ ነው። ራስ ዓሊን በስማቸው የጠረጠረ ሰው ሁሉ፣ ከዚያች ከተማ ሆኖ ዓይኑን ወደ ተራራው ቢያነሣ ሌላ ስም ያነብባል።

ይህን ስንል የዘመናቸውን ጉድለት ለመሸፈን አይደለም። ሠራዊታቸው በገበሬው ላይ እየሰፈረ ያለውን ይበላ ነበር፤ መኳንንቱ በየዓመቱ እርስ በርስ ይዋጉ ነበር፤ እርሳቸውም ሁሉን በአንድነት የመግዛት ብርታት አልነበራቸውም። በውጭ ግንኙነት በኩል በ1842 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል፤ ውሉ ግን ለመንግሥታቸው ጥንካሬ አልጨመረላቸውም።

መንግሥታቸውን የፈታው ሰው የተነሣው ከቤታቸው ነው። የቋራው ካሣ ኃይሉ ባመፁ ጊዜ ራስ ዓሊና እናታቸው በዝምድና ሊይዟቸው አስበው የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሯቸው። ጋብቻው ካሣን አላስቆማቸውም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረኩ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ በጎርጎራ ብጭኝ ከራስ ዓሊና ከውቤ የተላከውን ጦር ድል ነሡ። ደብረ ታቦርም ወደቀች። በሰኔ ወር በጎጃም፣ በአይሻል ሜዳ አማትና አማች ፊት ለፊት ተገናኙ። ራስ ዓሊ ድል ሆነው ወደ ዘመዶቻቸው ወደ የጁ ሸሹ፤ ወደ ሥልጣንም ሳይመለሱ ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚያ ፈጸሙ።

በዚህም ላይ የስም ነገር እንደ ገና ይመጣል። ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ሲጭኑ የቀድሞ ስማቸውን ትተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ቴዎድሮስ በግሪክኛ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ሲሆን፣ በፍካሬ ኢየሱስ የሚመጣ ጻድቅ ንጉሥ ስም ሆኖ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ድል ነሺው ሕዝቡ የሚናፍቀውን ስም መረጡ፤ ድል የሆኑት ግን ብዙ የከሰሳቸውን ስም እስከ መጨረሻው ይዘው ቀሩ። ራስ ዓሊ ስማቸውን ቢለውጡ ኖሮ ከሐሜት አንዱ ክፍል በቀለለላቸው ነበር። አልለወጡም። የአባቶቻቸውን ስም እንደ ያዙ የጌታን ቤት ሠሩ።

እንግዲህ ከእኒህ መስፍን ሕይወት ለክርስቲያን ቤተሰብ የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? የመጀመሪያው፣ ከፍ ያለ መባል ከፍ አያደርግም። ዓሊ ተብለው የተጠሩት ራስ ከዙፋን አጠገብ ወርደው በስደት አለፉ። ከፍ የሚያደርግም ዝቅ የሚያደርግም ልዑል እግዚአብሔር ብቻ ነው። በታቦር ተራራ የተገለጠውም ይኸው ነው፤ ሐዋርያቱን የተራራው ርዝመት አላከበራቸውም፤ ያከበራቸው የተገለጠላቸው ጌታ ነው።

ሁለተኛው፣ በሰው ስም ሃይማኖቱን መፍረድ እንደማይገባ ነው። ዛሬም በየጎረቤታችን፣ በየእድራችንና በየትምህርት ቤቱ የዐረብኛ ስም ያለው ክርስቲያን፣ የሐበሻ ስም ያለው ሙስሊም ይገኛል። በወሎና በየጁ፣ በጎንደርም ቢሆን የአያቱ ስም ዓሊ ወይም አሕመድ የሆነ ዲያቆንና መዘምር ማግኘት አያስገርምም። እንዲህ ያለው ልጅ በስሙ ምክንያት ሲሣቅበት ወይም በጥርጣሬ ሲታይ የሚያርመው ወላጅ ያስፈልጋል። ሙስሊሙም ጎረቤታችን ስሙን በክብር ሲጠራ የምንሰማው ቃል ትርጓሜው ልዑል እንደ ሆነ ብናውቅ አንደበታችንን ለንቀት አናውለውም። የልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ሥራን ማየት ነው።

ዘንድሮ በቡሄ ምሽት ችቧችንን ስናበራ፣ ልጆቻችንም ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጃችን ሲመጡ፣ በደብረ ታቦር ተራራ ላይ የቆመውን የኢየሱስን ቤተ ክርስቲያንና ያሳነጹትን ሰው እናስብ። በዕለቱ የሚመጡትን ልጆች ስማቸው ማንም ይሁን ማን፣ ሙልሙሉን ሳናበላልጥ እናካፍላቸው። እንኳን ለብርሃነ መለኮቱ መታሰቢያ ለበዓለ ደብረ ታቦር በሰላም አደረሳችሁ፤ ቸሩ አምላካችን ከዓመት ዓመት ያድርሰን፤ አሜን።