ቤላ ኮምያዲ፦ የሃንጋሪ ውሃ ፖሎ አባት

ውሃ ፖሎ በየቡድኑ 7 ሆነው እየዋኙ ኳስ ጎል ለማስገባት የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። በዚህ ስፖርት የሃንጋሪን ያህል ስም ያለው አገር የለም፤ የወንዶች ቡድኗ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። መሠረቱን ማን ጣለው ከተባለ መልሱ ቤላ ኮምያዲ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምያዲ በ1892 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አሰልጣኝ ሲሆን የለወጠው ነገር ቀላል ይመስላል። በድሮው አጨዋወት ኳሷ ውሃው ላይ ትጣልና ተጫዋቹ ዋኝቶ ይደርስባታል። ኮምያዲ ግን ኳሷ ውሃ ሳትነካ ከእጅ ወደ እጅ በአየር እንድትሄድ ልጆቹን አሠለጠነ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ጉልበተኛ ዋናተኛ ብቻውን ቅብብሉን ሊያቆመው አልቻለም።

ሰው ሲመርጥም የሚያየው ችሎታን ነበር። ኦሊቨር ሃላሺ በልጅነቱ በትራም አደጋ አንድ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ሆኖም የኮምያዲ ቡድን ምሰሶ ሆነ።

ሃንጋሪ በ1926፣ በ1927 እና በ1931 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። በ1928 አምስተርዳም ላይ ግን በፍጻሜው በጀርመን 5 ለ 2 ተሸንፋ ብር ብቻ አገኘች። ኮምያዲ ተስፋ አልቆረጠም። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ያችኑ ጀርመንን 6 ለ 2 አሸንፈው የመጀመሪያውን ወርቅ ወሰዱ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መጋቢት 1933 ኮምያዲ 41 ዓመት ሳይሞላው በርሊን ውስጥ ሞተ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ገና ወር አለፍ ብሎ ነበር።

ታዲያ ሥራው አብሮት ሞተ? አልሞተም። ከ3 ዓመት በኋላ ኦሊምፒክ እዚያው በርሊን ተካሄደ። ሃንጋሪ ከጀርመን ጋር 2 ለ 2 ብትለያይም በጎል ብልጫ ወርቁን ወሰደች። ከአሸናፊዎቹ መካከል ሃላሺ፣ እንዲሁም አይሁዳውያኑ ጆርጂ ብሮዲና ሚክሎሽ ሻርካኝ ነበሩ። ሦስቱም በ1932 በኮምያዲ ዘመን ወርቅ ያገኙ ናቸው።

በ1976 ቡዳፔስት ውስጥ የተከፈተ የዋና ገንዳ በስሙ ተሰይሟል። ለእኛ ለስፖርት ተማሪዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የአሰልጣኝ ትልቁ ፈተና እሱ በሌለበት የሚደረገው ጨዋታ ነው። ኮምያዲ ያንን ፈተና አልፏል።