አብራም ሂዊትና የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ክርክር

በታላላቅ ከተሞች የመጓጓዣ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ዋሻውን የቆፈሩት፣ ሐዲዱን የዘረጉትና ባቡሩን ያንቀሳቀሱት ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ አካፋ አፈር ከመዛቁ በፊት ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ሐዲዱስ የማን ንብረት ይሆናል? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መገኘት ይኖርበታል። ለኒውዮርክ ከተማ ይህን መልስ አስቀድሞ ያቀረበው ሰው አብራም ስቲቨንስ ሂዊት ነው። ሐሳቡን በከንቲባነቱ ዘመን ሲያቀርብ ሰሚ አላገኘም፤ ከ6 ዓመት በኋላ ሕዝቡ በድምፁ ሲያጸድቀው ደግሞ እርሱ ከሥልጣን ከወረደ ቆይቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂዊት በጁላይ 31 ቀን 1822 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሐቨርስትሮ በተባለች ስፍራ ተወለደ። አባቱ ለፊላደልፊያ ከተማ የውኃ አገልግሎት የሚውል የእንፋሎት ሞተር ለመትከል ከእንግሊዝ አገር የመጣ የእጅ ባለሙያ ነበር። ቤተ ሰቡ ድኻ ስለ ነበር ልጁ ወደ ኮሎምቢያ ኮሌጅ የገባው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። በ1842 ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በዚያው ኮሌጅ ሒሳብ አስተማረ። በትምህርት ላይ ሳለም ከታወቀው የኢንዱስትሪ ባለጸጋ ከፒተር ኩፐር ልጅ ከኤድዋርድ ጋር ተወዳጀ። ሁለቱ ወጣቶች በ1844 አውሮፓን ጎብኝተው ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ከሞት ለጥቂት ተረፉ። ከዚያም በፒተር ኩፐር ገንዘብ ተደግፈው በኒውጀርዚ ክፍለ ሀገር በትሬንተን ከተማ የብረት ሥራ አቋቋሙ፤ በ1855ም ሂዊት የጓደኛውን እኅት ሣራ ኩፐርን አገባ።

የትሬንተን ፋብሪካ በ1850ዎቹ ዓመታት ለሕንፃ ወለል ተሸካሚነት የሚያገለግሉ ቢሞችን በመዳመጫ ማሽን እያወጣ ለገበያ በማቅረብ በአሜሪካ ከቀደሙት አንዱ ነበር። በ1859 ተሠርቶ ያለቀውና ለሠራተኛ ልጆች በነፃ ትምህርት ይሰጥበት የነበረው የኩፐር ዩኒየን ሕንፃ የቆመው በእነዚሁ ቢሞች ነው፤ የተቋሙንም አስተዳደር ሂዊት እስከ ዕለተ ሞቱ ሳይለይ መርቷል። በ1867 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ የአውሮፓን የብረትና የአረብ ብረት ኢንዱስትሪ ካጠና በኋላ፣ በ1868 አረብ ብረት በክፍት ምድጃ የሚቀልጥበትን ዘዴ ወደ አገሩ አስገባ። ስለዚህ ወደ ፖለቲካ ሲገባ የዕቃን ዋጋ፣ የብድርን ወለድና የሥራን ድካም በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በ1874 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመርጦ፣ ከጥቂት ዓመታት ዕረፍት በቀር እስከ 1886 እንደራሴ ሆኖ አገለገለ። በ1886 በተደረገው የኒውዮርክ ከንቲባ ምርጫ የተወዳደሩት ሦስት ሰዎች በታሪክ የሚታወሱ ናቸው። የሠራተኛ ማኅበራት የመሬት ኪራይ ለሕዝብ ይሁን የሚለውን ጸሐፊ ሄንሪ ጆርጅን ሲያቀርቡ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ የ28 ዓመቱን ወጣት ቴዎዶር ሩዝቬልትን አቀረበ። ታማኒ ሆል የተባለው ኃይለኛ የዴሞክራቶች ድርጅት ደግሞ ጆርጅን የሚያሸንፍለት የተከበረ ሰው ስለ ፈለገ ሂዊትን ደገፈ። ሂዊት አሸነፈ፤ ጆርጅ ሁለተኛ፣ ሩዝቬልት ሦስተኛ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ኒውዮርክ በሁለት ወንዞች መካከል በተዘረጋች ጠባብ ደሴት ላይ የተጨናነቀች ከተማ ነበረች። በ1890 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በልጦ ተገኝቷል። መጓጓዣዋ በፈረስ የሚጎተት ሰረገላና በአውራ ጎዳናዎች ላይ በብረት ምሰሶ ተሸካሚነት የተዘረጋው በእንፋሎት የሚሠራ ሐዲድ ነበር። የምሰሶው ሐዲድ በጄይ ጉልድ ቁጥጥር ሥር የነበረ ሲሆን፣ ጭሱና ጥላሸቱ፣ ጫጫታውና ግፊያው ነዋሪውን አስመርሮ ነበር። ሠራተኛው በፍጥነት የሚያመላልሰው አጥቶ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ባሉ መንደሮች ታጭቆ ሲኖር፣ በስተሰሜን ሰፊ መሬት ባዶውን ይቀመጥ ነበር።

በጃንዋሪ 31 ቀን 1888 ሂዊት ለከተማው ምክር ቤት ባቀረበው መልእክት መፍትሔውን ዘርዝሮ አስረዳ። ሐሳቡም የሚከተለው ነበር። የግል ኩባንያ ለዚህን ያህል ሥራ ካፒታል የሚያገኘው በከፍተኛ ወለድ ነው፤ ከተማው ግን በስሙ በዝቅተኛ ወለድ ሊበደር ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከተማው ያቅርብ፤ ሠርቶ የሚያካሂደው ግን ልምድ ያለው የግል ኩባንያ ይሁን። ይኸውም ኩባንያ በኪራይ መልክ የብድሩን ወለድና ዕዳውን ቀስ በቀስ የሚያቃልል ተቀማጭ በየዓመቱ ይክፈል። የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ ሐዲዱ ከዕዳ ነፃ የሆነ የከተማው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ሂዊት ይህን ያቀረበው የሕዝብ ሀብትነትን በመርሕ ደረጃ ስለ ወደደ አልነበረም። የሄንሪ ጆርጅ ተቃዋሚ ሆኖ የተመረጠ የፋብሪካ ባለቤት ነበርና፤ ለእርሱ ጉዳዩ የወለድ ስሌት ነበር።

መልእክቱ ከቀረበ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በማርች ወር አጋማሽ፣ ታላቅ የበረዶ ማዕበል ከተማዪቱን መታ። በምሰሶው ላይ ያሉት ባቡሮች በመንገድ ቀሩ፤ ሥራም ቆመ። ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ በምክር ቤቱ ውስጥ የታማኒ ሆል ሰዎች ተቃውሞ ስለ ገጠመው ወደ ፊት አልሄደም። ከተቃዋሚዎቹ ሌላ በቅን ልቡና የሚጠራጠሩም ነበሩ። በ1860ዎቹ ዓመታት የታማኒው መሪ ዊሊያም ትዊድ በከተማው የሕንፃ ሥራዎች አሳብቦ የዘረፈው ገንዘብ ገና አልተረሳም ነበርና፣ የከተማ ብድር በፖለቲከኞች እጅ መግባቱ ያስፈራቸው ነበር።

ሂዊት ሰው ለማስደሰት የማይጨነቅ፣ ቁጡና ግትር ሰው ነበር። በዚያው ዓመት በቅዱስ ፓትሪክ በዓል የአየርላንድ ባንዲራ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ እንዲሰቀል አልፈቅድም በማለቱ የብዙ መራጮችን ልብ አጣ። ታማኒ ሆልም ለሹመት የሚጠይቀውን ሁሉ ስላልፈጸመለት ተወው። በ1888 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ተሸንፎ ከከንቲባነቱ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ በምርጫ የሚገኝ ሥልጣን አልያዘም።

ቀጣዮቹ ዓመታት ግን የእርሱን ስሌት ትክክለኛነት አረጋገጡ። በ1891 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን የምድር ውስጥ ሐዲድ ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ የመሥራቱንና የማካሄዱን ፈቃድ በ1892 መጨረሻ ለግል ኩባንያዎች ጨረታ ሲያቀርብ ቁም ነገር ያለው ተጫራች አልተገኘም። ይህ ከታየ በኋላ የንግድ ምክር ቤቱ የሂዊትን ሐሳብ እንደገና አነሣ። በ1894 በክፍለ ሀገሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አዲስ ሕግ ወጣ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ሐዲዱ የከተማው ንብረት እንዲሆን አጥብቀው ይሹ ስለ ነበር ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ እንዲወሰን በሕጉ ተደነገገ። በዚህም ሁኔታ በ1886 በሂዊትና በጆርጅ ጎራ ተለይተው የታገሉት ነጋዴዎችና ሠራተኞች በተለያየ ምክንያት አንድ ሐሳብ ደገፉ። ነጋዴው ከተማዪቱ በንግድ እንዳትቀደም ፈለገ፤ ሠራተኛው ደግሞ የመንገዱ ሀብት በጥቂት ባለሀብቶች እጅ እንዳይወድቅ ፈለገ።

ጥያቄው ከባድ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የቦስተን ከተማ ሕዝብ ስለ ምድር ውስጥ ሐዲድ ድምፅ ሲሰጥ፣ ደጋፊዎቹ ያሸነፉት 1 ሺህ ያህል ድምፅ በሚሆን ጠባብ ብልጫ ነበር። የኒውዮርክ ሕዝብ ግን በኖቬምበር 6 ቀን 1894 በሰጠው ድምፅ ከ132 ሺህ በላይ ሰዎች ሥራው በከተማው ገንዘብ እንዲካሄድ ሲፈቅዱ፣ የተቃወሙት 43 ሺህ ያህል ብቻ ሆኑ።

ይሁንና ድምፁ ሁሉን ነገር አልጨረሰም። የከተማው ዕዳ ከቋሚ ንብረት ግምት ከመቶ 10 እንዳይበልጥ የክፍለ ሀገሩ ሕገ መንግሥት ይከለክል ነበር። በብሮድዌይ ጎዳና ደቡባዊ ክፍል ያሉ ባለንብረቶችም ቁፋሮውን ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤትም በ1896 የመጀመሪያውን ዕቅድ ሳያጸድቀው ቀረ። ስለዚህ ዋናው መሐንዲስ ዊሊያም ባርክሌይ ፓርሰንስ መሥመሩን በሌላ ጎዳና አዞረው፤ ወጪውም ቀነሰ። በ1900 ውሉ ለጆን ማክዶናልድ በ35 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ፤ ካፒታሉን ያስተባበረው ባንከኛ ኦገስት ቤልሞንት ነበር። የኪራዩ ዘመን 50 ዓመት ሲሆን፣ ተከራዩ የብድሩን ወለድና ከመቶ 1 ተቀማጭ በየዓመቱ ይከፍል ነበር። ቅርጹ በ1888 ከቀረበው ሐሳብ ብዙም አልራቀም።

የንግድ ምክር ቤቱ በ1901 ለሂዊት የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። እርሱ ግን ሥራው ሲፈጸም አላየም፤ በጃንዋሪ 18 ቀን 1903 በ80 ዓመቱ ዐረፈ። 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው መሥመር ለሕዝብ የተከፈተው በኦክቶበር 27 ቀን 1904 ነው። አብዛኛው መሥመር ጎዳናው ተቆፍሮ ከተሠራ በኋላ እንደገና የተሸፈነ ሲሆን፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን የሚሸከሙት በየ1 ሜትር ተኩሉ የቆሙ የአረብ ብረት ቢሞች ነበሩ። በትሬንተን በወጣትነቱ የጀመረው ዓይነት ሥራ፣ በእርጅናው የተከራከረለትን ዋሻ ለማቆም ዋለ።

የዘገየው ዘመን በከንቱ አለፈ ማለት አይቻልም። በ1888 ቢሆን ኖሮ የኤሌክትሪክ ባቡር ገና በጅምር ላይ ነበር፤ በ1904 ግን ባቡሮቹ ያለ ጭስ በኤሌክትሪክ ኃይል ተጓዙ። በሌላ በኩል በእነዚያ 16 ዓመታት በጠባብ መንደሮች ታጭቀው የኖሩት ቤተ ሰቦች የከፈሉት ዋጋ በየትኛውም የወጪ መዝገብ አልሰፈረም። ውሉም ጉድለት ነበረው፤ 5 ሳንቲም ሆኖ የተወሰነው የጉዞ ዋጋ የዕቃ ዋጋ በናረበት ጊዜ እንኳ እስከ 1948 ሳይለወጥ በመቆየቱ ኩባንያውን አዳከመው። በ1940 ከተማው የግል ኩባንያዎቹን ድርሻ ገዝቶ አስተዳደሩን ጠቀለለ።

የሂዊት ዋና ሥራ አዲስ ማሽን መፍጠር አልነበረም፤ የምድር ውስጥ ባቡር በለንደን ከ1863 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የእርሱ ድርሻ የሥራውን የሒሳብ መሠረት አጥርቶ፣ ሕዝቡ አዎን ወይም አይደለም ብሎ ሊወስንበት በሚችል ቃል ማስቀመጡ ነው። ለሙያ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዕቅዱ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ሀብቱ ለማን እንደሚቀር ለከፋዩ ሕዝብ በግልጽ እስካልተነገረ ድረስ በወረቀት ላይ ይቀራል።