ለጣና አሜሪካ ድረስ የሄዱት ሐኪም

እኛ ኮልፌ አጠና ተራ መብራት በጠፋ ቁጥር ወሬው ሁሉ ግድብ ነው። እኔ ግን ትዝ የሚሉኝ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

የጎንደር ልጅ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ገና ሕፃን ነበሩ፤ እንግሊዞች ህንድ ወሰዷቸው። ላሆር ሕክምና ተማሩ፣ በርማ ሠሩ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ገቡ።

በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኒውዮርክ ላኳቸው። ጉዳዩ ጣና ነው። በ1894ቱ ውል መሠረት ኢትዮጵያ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት የጣናንም ሆነ የዓባይን ውሃ የሚያቆም ሥራ መሥራት አትችልም። እንግሊዝ ደግሞ ውሃውን ለሱዳን ጥጥ ትፈልገዋለች። ሐኪሙ ታዲያ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተደራደሩ። ጎረቤት ውሃውን ይጠቀም፣ ግድቡ ግን የእኛ ይሁን ነው ነገሩ።

ኩባንያው መጥቶ ሐይቁን አጠና። ምን ዋጋ አለው፣ በ1928 ጣሊያን ወረረንና ዕቅዱ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሐኪሙ ያኔ ለንደን ላይ የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ይሟገቱ ነበር። በ1929 ፋሺስት ሁለት ልጆቻቸውን ገደለባቸው። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው አዲስ አበባ አረፉ።

ዛሬ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ተመርቋል፤ ለጅቡቲና ለኬንያም መብራት እንሸጣለን። ከሱዳንና ከግብፅ ጋር ያለው የውሃ ድርድር ግን አሁንም አልተቋጨም። ኢንጂነር ለመሆን የምታስቡ ልጆች፣ ከሒሳቡ ጎን ለጎን ውል ማንበብም ልመዱ። ሐኪም ሆነው ሳለ እሳቸው ያን ሠርተዋል።