ሊቫይ ስትራውስ፦ ስማቸው በጂንስ ሱሪ ላይ የቀረው ነጋዴ

ያረጀ ጂንስ ሱሪ ተተርትሮ ቦርሳ፣ ቀሚስና ጃኬት ለመሆን የሚበቃው ከመነሻው ለከባድ ሥራ የታሰበ ልብስ በመሆኑ ነው። ስማቸው ከዚህ ሱሪ ጋር የሚነሣው ሊቫይ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1829 በባቫሪያ፣ ቡተንሃይም በተባለች መንደር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ18 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በ1853 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻግረው ጨርቃ ጨርቅ መነገድ ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ሱሪውን ያጠነከሩት ከድርጅታቸው ጨርቅ ይገዙ የነበሩት የሬኖ ከተማው ልብስ ሰፊ ጃኮብ ዴቪስ ናቸው። ዴቪስ በፈረስ ልብስ ላይ ይመቱት የነበረውን የመዳብ ሪቬት በሱሪ ኪስ ጥግ ላይ መትተው የጉልበት ሠራተኛው ሱሪ ቶሎ እንዳይቀደድ አደረጉ። ለፈጠራ መብት የሚከፍሉት ገንዘብ ስላጠራቸው ስትራውስን በአጋርነት ጋበዙ። መብቱም እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1873 ተሰጠ።

ስትራውስ በ1902፣ ዴቪስ በ1908 ዐረፉ። በሱሪው ላይ የቀረው ስም ግን የነጋዴው እንጂ የሰፊው አይደለም።