ዱ ፉ፦ በፈረሰች ከተማ አበባ ያየው ባለቅኔ

መስከረም በጠባ ቁጥር ከጉለሌ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ዳገቱን አደይ አበባ ለብሶ ያገኘዋል። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮም ዘመነ ጽጌ ይገባና ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ሲቆሙ ያድራሉ። ለእኛ አበባ ክረምቱ የማለፉ ምልክት፣ የተስፋና የምስጋና ቃል ነው። ከ1,200 ዓመት በፊት በቻይና የኖረው ባለቅኔ ዱ ፉ ግን የጸደይን አበባ አይቶ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ ለመረዳት ሕይወቱን መመልከት ያሻል።

ዱ ፉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ712 ዓ.ም. በሄናን ምድር፣ በታንግ ነገሥታት ዘመን ተወለደ። ቤተሰቡ በመንግሥት ሹመት የኖረ ስለ ነበር፣ እርሱም የአባቶቹን ፈለግ ለመከተል ለሹመት ፈተና ሁለት ጊዜ ቀረበ፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። በ747 ዓ.ም. የወደቀው ግን ዕውቀት አንሶት አልነበረም፤ ዋናው ሚኒስትር ከተፈታኞቹ አንድ እንኳ እንዳያልፍ በማድረጉ ነበር። ከዚህም የተነሣ በዋና ከተማይቱ በቻንግአን ለብዙ ዓመታት ደጅ ሲጠና ኖረ። በ755 ዓ.ም. አነስተኛ ሹመት አግኝቶ ወደ ቤተሰቡ ቢሄድ፣ ሕፃን ልጁ በረኀብ ሞቶ ጠበቀው።

በዚያው ክረምት አን ሉሻን የተባለ የጦር አዛዥ ዐመፀ። በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ሸሸ፤ ቻንግአንም በዐመፀኞቹ እጅ ወደቀች። ዱ ፉ ወደ አዲሱ ንጉሥ ሲጓዝ በመንገድ ተይዞ ወደዚያችው ከተማ ተወሰደ። በ757 ዓ.ም. ጸደይ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ተለይቶ ሳለ፣ ስመ ጥር የሆነበትን ግጥም ጻፈ።

ግጥሙ ስምንት ስንኝ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ አምስት፣ በጠቅላላው አርባ የቻይና ፊደል ብቻ። መንግሥት ሲፈርስ ተራራውና ወንዙ እንዳልተነኩ፣ በከተማይቱም ሣሩና ዛፉ እንደ ለመለሙ ይናገራል። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ጓንግ ይህን ሲያብራራ፣ ሣሩ መብዛቱ የሚረግጠው ሰው አለመኖሩን እንደሚያመለክት ገልጿል። ቅኔ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ልምላሜው ሰም፣ ወና የቀረችው ከተማ ወርቅ ናት። አበባው ያስለቀሰውም ስለዚሁ ነው፤ ጸደይ ወቅቱን ጠብቆ ሲመጣ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ዱ ፉ በዚያው ዓመት አምልጦ ንጉሡን የሚመክር ሹመት ቢያገኝም፣ በድፍረት በመናገሩ ብዙ ሳይቆይ ከቤተ መንግሥት ራቀ። በ760 ዓ.ም. በቼንግዱ ከተማ ዳርቻ የሣር ክዳን ጎጆ ቀለሰ። የዛፍ ችግኝ ከወዳጆቹ በግጥም እየለመነ ተከለ፤ በወንዙ ዳር ስለሚፈካው አበባም በደስታ ጻፈ። ይሁን እንጂ በ761 ዓ.ም. ነፋስ የጎጆውን ክዳን ገፈፈው። ዝናብ እየወረደበት በጻፈው ግጥም የተመኘው ለራሱ ጣራ አልነበረም፤ በዓለም ያሉትን ድኾች ምሁራን ሁሉ የሚያስጠጋ፣ ነፋስና ዝናብ የማይበግረው፣ እልፍ ክፍሎች ያሉት ቤት ነበር። ያ ቤት ከተሠራ የእርሱ ጎጆ ቢፈርስ፣ እርሱም በብርድ ቢሞት ግድ እንዳልነበረው ገልጿል።

በ770 ዓ.ም. በሁናን ምድር በጀልባ ሲጓዝ ሞተ። በሕይወቱ ዘመን ያላገኘው ክብር የመጣለት ከሞተ በኋላ ነው፤ ከ1,400 የሚበልጡ ግጥሞቹም እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

የቻንግአን ታላቅ ቤተ መንግሥት ዛሬ በሺአን ከተማ የሚታየው በቁፋሮ በወጣ መሠረቱ ነው። የእኛ ሙያ ግንባታ እንደ መሆኑ ይህ ሊያሳስበን ይገባል። አርባው ፊደል ከድንጋዩ በልጦ ቆይቷል። በነፋስ የተገፈፈው ጎጆ ባለቤት የተመኘው ቤት ግን ገና አልተሠራም፤ እርሱን መሥራት የባለቅኔ ሳይሆን የመሐንዲስ ዕዳ ነው።